በሐምሌ ፀሐይ ፍለጋ

ባለፈው ሰሞን አዳዳን ልጠይቅ ሱሉልታ ሄጄ ነበር። ግቢያቸው ውስጥ ቆሜ ስልክ ሳወራ ጩኸታቸው ከቤት ውስጥ መጣ። "አንቺ ልጅ! ፊትሽን ቅባት ተቀብተሽ ፀሐይ ላይ ምን ያቆምሻል? ምች አንዴ ቢመታሽ አልበቃሽም?" ዓይናቸው ደክሟል፣ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ ድምፃቸውን ግን ማን ነክቶት! ከዘራቸውን ተደግፈው ወጡና ከአጥሩ ሥር ዳማከሴ ቀነጠሱ፤ በመዳፋቸው አሽተው አፍንጫዬ ሥር ደቀኑት።

እኔ ደግሞ ዳማከሴ ሲሸተኝ ሳላስበው ፊቴን በሁለት እጄ እሸፍናለሁ። ሰው ይስቅብኛል። ለጉንፋን የሚታጠኑት ቅጠል ምኑ ያስፈራል ይሉኛል። እኔን ያስፈራኛል፤ ምን ላድርግ? ሦስተኛ ክፍልን የጨረስኩበትን ክረምት ሙሉ የኖርኩት በዚያ ሽታ ውስጥ ነው።

አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። ስማቸው ጫልቱ ነው፤ ግን በስማቸው ስጠራቸው ትዝ አይለኝም። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ ከእሱ ወገን የቀሩን እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኛ ሰበታ፣ እሳቸው ሱሉልታ። እኛ ማለት እናቴ፣ ታላቅ እህቴ መቅደስና እኔ ሰናይት ነን።

ነገሩ የጀመረው ከግራ ዓይኔ ጥግ ነው። ምስር የምታህል ነጭ ነጥብ ወጣች። እናቴ "ቋቁቻ ነው፣ ምንም አይደል" ብላ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት ፈተገችኝ፤ እንባዬ እስኪወርድ ፈተገችኝ። ነጥቧ ምስርነቷን ትታ ባቄላ አከለች። ከዚያ በአፌ ዙሪያ ወጣ፤ ከዚያ በጣቶቼ አንጓ ላይ። አንድ ቅዳሜ መቅደስ ሹሩባ ስትሠራኝ እጇ በድንገት ቆመ። ከጆሮዬ ጀርባ ሌላ አግኝታ ነው። ዝም ብላ ጉንጉኑን ቀጠለች። እኔ መፍራት የጀመርኩት ያን ዝምታ ስሰማ ነው።

ሰፈር ውስጥ ስሙን የሚጠራው አልነበረም፤ "ያ ነገር" ነው የሚሉት። አንዲት ጎረቤታችን ብቻ እናቴን "ለምጽ ነው እኮ፣ ምን ትሸፋፍኛለሽ?" ስትላት ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። ለምጽ! ሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ለምጻሞች ተምረናል። በድሮ ዘመን ከሰፈር ውጭ ተለይተው ነበር የሚኖሩት። ያን ቀን እጄን አውጥቼ "ምሳ ማን ይወስድላቸዋል?" ብዬ ጠይቄ ልጆቹ ሁሉ ስቀውብኛል። ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ያ ጥያቄዬ ትዝ አለኝ፤ ያኔም መልስ አላገኘሁም ነበር።

እናቴ አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነበር። አይተላለፍም፣ አይገድልም፣ አይዟችሁ አለን። ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ አሳይቶ እንዲህ ሲል አስረዳት፤ ነጩ ላይ ብቻ በጥጥ ነካ ነካ፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ ለጥቂት ደቂቃ፣ ከዚያ ታጥቦ ጥላ ውስጥ መግባት። "ጥቂት" የሚለውን ደጋግሞታል። እናቴ መስማት የፈለገችው ግን ሌላ ነው። "ይድናል?" አለችው። "እንሞክራለን" አላት።

በዚያው ሰሞን መቅደስን ሊጠይቅ ከቡራዩ ሽማግሌ እንደሚላክ ተሰማ። መቅደስ ክር ፋብሪካ ነበር የምትሠራው፤ ልጁ ደግሞ የሠራተኞቹ ሰርቪስ ሹፌር ነው። ስለ እሱ ስታወራ ሽሮው ያርርባታል። እንግዲህ በእኛ አገር ልጅ ከመሰጠቷ በፊት ዘር ይጠየቃል። ዝምድናው ይቆጠራል፤ ከዚያ በሹክሹክታ "በቤቱ ደዌ አለ ወይ?" ይባላል። ለምጽ ወይ ቁምጥና ወይ የሚጥል በሽታ ከተገኘ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ሐኪሙ አይተላለፍም ቢልም ሽማግሌ ሐኪም አይጠይቅም። እናቴ የፈራችው ይህን ነው። ለእኔ ግን ይህን ማንም አልነገረኝም። ለእኔ የተነገረኝ፣ "አዳዳ ጋ ሄደሽ ፀሐይ ትሞቂያለሽ። ስትድኚ መጥቼ እወስድሻለሁ" የሚል ነው።

ስትድኚ! ባልድንስ ብዬ አልጠየቅሁም። መልሱን ፈራሁት።

ደግሞስ ፀሐይ ፍለጋ በሐምሌ ሱሉልታ! ይህን ለሱሉልታ ሰው ብትነግሩት በሳቅ ይሞታል። በሐምሌ እዚያ ሰው ልብሱን የሚያደርቀው ምድጃ ሥር ነው። ሕፃን ብሆንም ይህችን አላጣኋትም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ነገር መጣ አልኩ በልቤ፤ ከሰፈር ውጭ ማለት ሱሉልታ ነው።

የሄድን ቀን እናቴ ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ አከናነበችኝ። አዲሱ ገበያ ስንደርስ ረዳቱ "ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ የሞላ!" እያለ ወደ ሚኒባሱ አስገባን። ተራራውን ስንወጣ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ እጄን አየችና ቀሚሷን ሰብስባ ወደ በሩ ተጠጋች። እናቴ ወዲያው እጄን አንስታ በጋቢዋ ውስጥ ሸጎጠችው፤ እስክንደርስ ድረስ አጥብቃ ያዘችው። በርዶኝ መስሏት ልታሞቀኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አዳዳ በር ላይ ጠበቁን። "አካም ጅርታ ኢንተላ ኮ! እንዴት ነሽ ልጄ?" ብለው አቀፉኝ፤ ነጭ ነጩን እየመረጡ ሳሙኝ። ከዚያ እናቴ ጠርሙሱን አውጥታ የሐኪሙን ትእዛዝ ስትነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

"ቅባት ቀብቶ ፀሐይ ላይ? ምች ሊያስመታት? ይህን ሐኪም ያሳደገው ሰው የለም እንዴ?"

"አዳዳ፣ እባክዎ፣ እሱ ያለውን ያድርጉ።"

"ማድረጉን አደርጋለሁ። በፊትሽ ቅባት ይዘሽ ፀሐይ እንዳትወጪ ብላ ያሳደገችኝ እናቴ ግን እንዲያው ዝም ብላ ነው?"

ምችን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። እናት ሁሉ ልጇን የምትጠብቅበት ነገር ነው፤ ታጥቦ ወይ ተቀብቶ ወደ ፀሐይ የወጣ ሰው ፊቱ ያብጣል፣ ያተኩሰዋል፣ መልኩ ይጠፋል። ሐኪሙ ደግሞ አድርጉ ያለው ይህንኑ ነው። እናቴ በር ላይ ሳመችኝና ሄደች። ጉሙ ወዲያው ዋጣት፤ ተመልሳ ስትመጣ በዚህ ጉም ቤቱን እንዴት ታገኘዋለች ብዬ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

አዳዳ ሞኝ አልነበሩም። ሐኪሙም እንዳይቀየም፣ ምችም እንዳይመታኝ መላ መቱ። ሳሎናቸው ሰፊ የመስታወት መስኮት ነበረው፤ በሰፈሩ እንዲያ ያለ መስኮት የእሳቸው ብቻ ስለነበር ይኮሩበታል። ጠዋት ጠዋት ዳማከሴ በአፍንጫዬ ቀዳዳ ይጠቀጥቁልኛል፣ ከጆሮዬ ጀርባ ያሹልኛል፣ ነጠላ ያከናንቡኛል፣ በመጨረሻ ጠርሙሷን ከፍተው ነካ ነካ ያደርጉኝና መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ያስቀምጡኛል። "ፀሐይ በመስታወት ትገባለች። ምች ግን በመስታወት አይገባም" አሉ፤ ነገሩ አለቀ።

መድኃኒቱ የሚፈልገው ነገር መስታወቱን በሙሉ ኃይሉ አልፎ እንደማይገባ የሰማነው በኋላ ነው። ያኔ እኔም እሳቸውም በሙሉ ልባችን አምነን ተቀመጥን። ፀሐይቱ ራሷ ከታየች ነው እንግዲህ፤ አብዛኛውን ቀን መስታወቱ ላይ የማየው የዝናብ መውረጃና የራሴን ፊት ነው።

"አዳዳ፣ ዛሬም አትሞቅም እኮ።"

"ደግ ነገር መቼ ይቸኩላል? ቁጭ በይ።"

መስታወቱ ላይ ፊቴን እያየሁ ጥግ ጥጉን እከታተላለሁ። በዓይኔ ጥግ ያለው ነጭ ወደ ዓይኔ ሲጠጋ ታየኝ። እኛ ሰበታ ያደግን ልጆች የዓይነ ስውራንን ትምህርት ቤት እናውቀዋለን፤ ተማሪዎቹ ነጭ ዘንጋቸውን እያንኳኩ በሰፈራችን ሲያልፉ ነው ያደግነው። ከእነሱ የአንዱ ዓይን ወተት የመሰለ ነጭ ነበር። ነጩ ወደ ዓይኔ ሲገባ እኔም እንደዚያ እሆናለሁ ብዬ ደመደምኩ። ማንም ሳያየኝ በረት ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ግድግዳውን እየዳበስኩ መሄድ ተለማመድኩ። አንዴ ከቡሬ፣ ከትልቋ ላም ጋር ተጋጭቼ እበት ውስጥ ተቀመጥኩ። አዳዳ ሲስቁ እኔ አለቀስኩ፤ ምን እየሠራሁ እንደነበር አልነገርኳቸውም።

ወተትም ፈራሁ። አዳዳ ወተት ሻጭ ናቸው፤ ማለዳ ገና እንፋሎቱ ሳይለቀው አንድ ኩባያ ይሰጡኛል። ነጭ ነገር ነጭ ሳያደርግ ይቀራል? ዘወር ሲሉ ለድመቷ እገለብጥላታለሁ። ድመቷ በዚያ ክረምት እንደ በግ ወፈረች። "ይህች ድመት አይጥ ስታገኝ ነው መሰለኝ" ይላሉ አዳዳ።

የእኔ ሥራ ደንበኞች በየጆጋቸው ሲመጡ ወተቱን መቅዳት ነበር። አንድ ማለዳ አንዲት አዲስ ደንበኛ ጆጓን ዘርግታ ሳለ ጣቶቼን አየች። ጆጉን ወደ ደረቷ መለሰችው።

"ሁልጊዜ ይህች ልጅ ናት የምትቀዳው?"

አዳዳ ከበረት ብቅ አሉ። "ወተቱ ከላሚቱ ጡት እንጂ ከልጅቷ ጣት አይታለብ! ካላሻሽ በመጣሽበት ተመለሺ!"

ሴትዮዋ ሄደች። እሰይ አልኩ በሆዴ፤ የሰው ሁሉ አዳዳ እንደ እኔ አዳዳ ይሁን አልኩ። በማግስቱ ግን የወንድ ሹራብ ይዘው መጡ። እጅጌው ጣቶቼን ሸፍኖ ተንጠለጠለ። "ብርድ ነው፣ ልበሺው" አሉኝ፤ ዓይኔን ሳያዩኝ። ብርዱ ከትናንቱ አይብስም ነበር። እሳቸውም ሲፈሩ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እሳቸው ከፈሩ እንግዲህ እኔን ማን ያስጥለኛል?

እናቴ እሁድ እሁድ ትደውላለች። "ቀነሰልሽ?" ትለኛለች ከሰላምታ በፊት። "አልቀነሰም" እላታለሁ። "አይዞሽ፣ ይቀንሳል" ብላ ስልኩን ለአዳዳ ስጪ ትላለች። እኔ የምፈልገው ነይ ብትለኝ ነበር። አንዴ እንኳ ነይ አላለችኝም። ስልኩ ሲዘጋ ጆሮዬ ውስጥ የሚቀረው ያ ብቻ ነው፤ ስትድኚ፣ ስትድኚ፣ ስትድኚ።

ሐምሌ አለቀ። ፍልሰታ ገባ፣ ተፈታ። ከዚያ አንድ ዓርብ አዳዳ ድርቆሽ ሊገዙ ጫንጮ ሄዱ። "በር እንዳትከፍቺ፣ ውጭ እንዳትወጪ" ብለውኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሰማዩ ተከፈተ። ያን ክረምት አይቼው የማላውቀው ፀሐይ ግቢው ላይ ተዘረጋ፤ ከጭቃው እንፋሎት ተነሣ፣ ቆርቆሮው ቋ ቋ አለ። እኔ መስታወቱ ሥር ተቀምጬ አየሁት። ትምህርት ሊከፈት ነው። እንቁጣጣሽ ሊደርስ ነው። ያለፈኝን ፀሐይ ሁሉ ዛሬ ካላካካስኩ እዚሁ መቅረቴ ነው አልኩ።

ጠርሙሱን አወረድኩ። ነጩ ላይ ብቻ የተባለውን ትቼ ፊቴን ሁሉ፣ እጄን ሁሉ ቀባሁት፤ ገና ሊወጣ ያሰበም ካለ እንዳይወጣ። ወጥቼ ግቢው መካከል ባልዲ ደፍቼ ተቀመጥኩና ፊቴን ቀና አደረግሁላት። ፀሐይቱ ሞቀችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ የመቅደስን ሠርግ አሰብኩ፤ አበባ ይዤ ከፊት ስሄድ። የበረቱ ጥላ እግሬ ሥር እስኪደርስ አልተነሣሁም። በዚያ ክረምት ያልፈራሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ፊቴን ታጠብኩ፣ ጠርሙሱን መለስኩ፣ በርጩማዬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። አዳዳ መጥተው "ጎበዝ ልጅ" አሉኝ።

ቅዳሜ ፊቴ አቃጠለኝ፤ ዝም አልኩ። እሁድ ማለዳ ስነቃ ግራ ዓይኔ አልገለጥ አለ። በቃ፣ ነጩ ገባ አልኩ። ጩኸቴን ሰምተው አዳዳ ሮጠው መጡ፤ ሲያዩኝ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ፊቴ አባብጦ ውሃ ቋጥሯል፤ እጆቼም እንደዚያው።

"ዋቃ ኮ! አምላኬ! ምች! ምች መታብኝ! የፈሩት ይደርሳል አሉ! ምን አደረግሽ ልጄ? ንገሪኝ!"

ነገርኳቸው። ዳማከሴ ጨምቀው ፊቴ ላይ ሲያፈሱት የጮህኩት ጩኸት ቡሬን ከበረት አስወጥቷታል። ሽታው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ያልለቀቀኝ። እሳቸውም እያለቀሱ፣ እኔም እያለቀስኩ፣ አዝለውኝ ጭቃውን እየረገጡ ጤና ጣቢያ ደረስን። ነርሷ ጠርሙሱን አየችና ራሷን ነቀነቀች። "ምች አይደለም እማማ። ይህን ቀብቶ ብዙ ፀሐይ መቆየት ያቃጥላል። ዓይኗ ደህና ነው፤ ያበጠው ቆቡ ነው" አለች። ጠረገችኝ፣ ቅባት ቀባችኝ፣ ግማሽ ፊቴንና እጆቼን በፋሻ ሸፈነች። ነገውኑ እናቷ መድኃኒቱን ወዳዘዘው ሆስፒታል ትውሰዳት አለች።

አዳዳ እዚያው በር ላይ ቆመው ደወሉ። የእናቴን ድምፅ ከስልኩ ውስጥ እሰማው ነበር። "ዛሬ አይሆንም አዳዳ፣ እንግዶች አሉብኝ፤ ያውቁ የለ? ነገ ማታ እመጣለሁ።"

"ነገ ጠዋት ሆስፒታል ነው ያሉኝ!"

"በእግዚአብሔር፣ ዛሬን ብቻ..."

አዳዳ ስልኩን ዘጉት። "ነይ፣ ሰበታ እንሄዳለን" አሉኝ። እኔ ግን የጤና ጣቢያውን አጥር ብረት በፋሻው እጄ ይዤ አልንቀሳቀስ አልኩ።

"አልሄድም።"

"ለምን አትሄጂም?"

"አልዳንኩማ። እማዬ ስትድኚ ነው ያለችኝ።"

አዳዳ ነጠላቸውን አውልቀው ወገባቸው ላይ አሰሩት፣ ፈቱት፣ እንደገና አሰሩት። "ኮቱ" አሉኝ በመጨረሻ፤ "ነይ። እኔ አለሁ አይደል።" ድምፃቸው ተሰብሮ ስለነበር ተከተልኳቸው።

ሚኒባሱ፣ አዲስ አበባ፣ ሌላ ሚኒባስ፣ ከዚያ ባጃጅ። መንገዱን ሁሉ እናቴ በር ላይ "ድነሻል?" ስትለኝ ምን እንደምመልስ ሳስብ ነበር። ቀኑን ዘንቦ ነበርና ከባጃጁ ስንወርድ አዳዳ በራችን ላይ ቆመው ጫማቸውን ከጭቃ መጥረግ ያዙ። እኔ ቤቴን ሳይ እግሬ አላስቆም አለኝ። ሮጬ ገባሁ።

ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ነጭ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው የእናቴ ወንድም ጋሼ ታደሰ። እናቴ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ዳቦ በትሪ ይዛለች። ሁሉም ዞረው አዩኝ። መካከል ላይ የነበሩት ሽማግሌ፣ ኦቦ ደጀኔ ይባላሉ፣ ጀምረውት የነበረውን ንግግር አቋረጡ።

"ውይ! ይህች ልጅ ምን ሆና ነው? የማን ልጅ ናት?"

እናቴ አየችኝ። ከጸጉሬ እስከ ጫማዬ አየችኝ።

"የጎረቤት ልጅ ናት" አለች። "ሂጂ የኔ ልጅ፤ እናትሽ ጋ ሂጂ።"

አላወቀችኝም! እንዴትስ ታውቀኝ? አንድ ዓይኔ ተደፍኗል፣ ከንፈሬ አብጧል፣ ግማሽ ፊቴ ፋሻ ነው፣ የለበስኩት ሹራብ የእኔ አይደለም። አሳዘነችኝ። ደግሞ ፈራሁ፤ እንዳላወቀችኝ ብትቀርስ? የገዛ ቤቴ ውስጥ ቆሜ እናቴ ካላወቀችኝ የት ልሂድ? ከዚያ አንድ የማትስተው ነገር እንዳለኝ ትዝ አለኝ። የሹራቡን እጅጌ ሰበሰብኩ፣ የእጄን ፋሻ በጥርሴ ፈታሁና ሁለቱንም እጆቼን ወደ እሷ ዘረጋሁ። ነጮቹን፣ ከነቁስላቸው።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ። ሰኒ ነኝ። እጄን እይው።"

ትሪው ዘመመና ዳቦው አንድ በአንድ ቄጠማው ላይ ወረደ። ሽማግሌ ባለበት ብቅ ማለት የማይገባት መቅደስ ከጓዳ ወጥታ መጣች፤ ከፊቴ ተንበርክካ "ሰኒዬ! እኔን! ማን እንዲህ አደረገሽ?" እያለች ደረቷ ውስጥ ከተተችኝ። ያኔ አዳዳ ገቡ። በአንድ እግራቸው ጭቃ እንዳለ ነው። ሽማግሌዎቹን በኦሮምኛ እንደ ወጉ ሰላም አሉ፤ ከዚያ ማንም ሳይጋብዛቸው ተቀመጡ።

"የወንድሜ ልጅ ናት" አሉ። "የመቅደስ ታናሽ። ሌላም የሚጠየቅ ካለ ይጠየቅ፤ የአባቷ ወገን እኔ ነኝ።"

የጠየቀ የለም። ኦቦ ደጀኔ ዓይናቸውን ከእጆቼ ላይ አላነሡም ነበር። ጋሼ ታደሰ ጉሮሮውን ጠርጎ መልሱን ከመስቀል በኋላ እንነግራችኋለን አለ፤ ሽማግሌዎቹም ምርቃታቸውን አሳጥረው ወጡ።

ቀኑ ሳይመሽ እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣኝ ፋሻውን መልሳ ታስርልኝ ጀመር። አዳዳና መቅደስ ውጭ ነበሩ።

"አሁን አወቅሽኝ?" አልኳት።

ፋሻውን ጠቀለለች። "አወቅሁሽ።"

"በእጄ ነው አይደል?"

"አዎ" አለች። "በእጅሽ።"

"እኔም በእሱ ታውቀኛለች ብዬ ነው። እማዬ፣ አልዳንኩም ግን። ዛሬን ብቻ እዚህ ልደር?"

እናቴ "አፈር ልብላ!" ብላ ጮኸች፤ ጉልበቴ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔ ያስለቀስኳት ባለመዳኔ መስሎኝ "ነገ ጠዋት ፀሐይ ካለ እሞቃለሁ" እያልኩ አባበልኳት። ይህን በሰማች ቁጥር ለቅሶዋ ባሰ።

የሠርጉን ነገር ነግሬያችሁ ልገላገል። ከመስቀል በኋላ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ሦስት ሆነው የሄዱት ሁለት ሆነው መጡ፤ ኦቦ ደጀኔ አልነበሩበትም። የቀሩበትን ምክንያት ማንም አልጠየቀም፣ እነሱም አልተናገሩም። መቅደስ ተዳረች። እኔም አልዳንኩም። ቁስሉ ሲደርቅ ዙሪያው ጠቆረ፤ ነጩ ከበፊቱ ይበልጥ ለይቶ ወጣ። አዳዳ ግን እስከ ዛሬ ምች ነው ይላሉ።

ሽማግሌዎቹ ሳይመለሱ በፊት ግን የእንቁጣጣሽ ገበያ ነበር። ፋሻው ተፈትቶልኝ ነበር። እናቴ ዶሮ ልትገዛ ስትነሣ እንደ ልማዴ ነጠላዬን አንሥቼ ጭንቅላቴ ላይ ጣልኩ። መልሳ አነሣችው፤ አጣጥፋ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። "ነይ" አለችኝ። ክረምቱን ሙሉ የጠበቅሁት ቃል ነው።

እጄን ያዘችኝ፤ ከጋቢዋ ውጭ። የሰበታ ገበያ በዋዜማ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ሰው በሰው ላይ ነው። ዶሮ ሻጮቹ መጣራታቸውን ተዉ። ያቺ ጎረቤታችን ሽንኩርት ከምትመርጥበት ቀና አለች። አንዲት እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ በመካከላቸው አለፈች፤ እጇ ግን በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እስከ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በርዷት መሰለኝ። በሌላኛው እጄ ደርቤ ያዝኩላትና እየሄድን አሸሁላት።